መከታ ያልረገጠው ሳር

ውሻ ሲሸና ከኋላው ተከትላችሁ ታውቃላችሁ? ዝም ብሎ መከተል አይደለም፤ በእጃችሁ የውሃ ጆግ ይዛችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ፣ እግሩን ሊያነሳ ሲል እየሮጣችሁ። እኔ ተከትያለሁ። ያውም በጠራራ ቀን፣ ያውም መካነ ሰላም ከተማ መሀል፣ ያውም ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ በአጥሩ ቀዳዳ እያዩኝ። እትዬ ዘሃራ «አብሽር ልጄ፣ ሁሉም ያልፋል» አሉኝ። ምኑ እንደሚያልፍ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኋቸው። ጆጉን ከኋላዬ ደብቄ ገባሁ።

ለዚህ ያበቃኝ ሳር ነው። ሳሩ እንዴት ለዚህ እንዳበቃኝ ለመናገር ግን መጀመሪያ ስለ ራሴ ልንገራችሁ። እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ባለሙያ ነኝ። የግዥ ባለሙያ ማለት መጥረጊያ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ የሚሰበስብ፣ ናሙና የሚያስመጣ፣ ኮሚቴ የሚያቋቁም፣ ቃለ ጉባኤ የሚያጽፍ፣ በመጨረሻ መጥረጊያው ሲገዛ ቢሮው በቆሻሻ ተውጦ የሚያገኘው ሰው ማለት ነው። በዚህ ላይ ተፈጥሮዬ ጠያቂ ነው። ምንድን ነው? ከምን ተሠራ? ሥሩ ምን ይመስላል? ባለቤቴ ትርንጎ በዚህ ጠባዬ ስለተማረረች «እኔን እንዴት ያለ ሦስት ፕሮፎርማ አገባኸኝ?» ትለኛለች። እስካሁን አጥጋቢ መልስ አላገኘሁላትም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሐምሌ ነው። የትርንጎ አባት፣ አባባ ይመር፣ ከወግዲ ገጠር እኛ ዘንድ መጡ። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር የሚያዩት ነገር የለም። ደሴ ያለው ሐኪም ሞራውን ሊገፍላቸው ለመስከረም ቀጥሯቸዋል፤ «ከዚህ በላይ ከዘገየ ግን ኃላፊነት አልወስድም» ብሏል። ወግዲ ሆነው ክረምቱን ከጠበቁ መንገዱ ይበላሽና ቀጠሮው ያመልጣል ብለን ነው ያስመጣናቸው።

አባባ ይመር ብቻቸውን አልመጡም። ከመከታ ጋር መጡ። መከታ ቡናማ፣ ሰፊ ደረት ያለው፣ ኮስታራ የገጠር ውሻ ነው። ጌታውን የሚመራበት ገመድ አንዱ ጫፍ በሱ አንገት፣ ሌላው ጫፍ በአባባ ይመር የእጅ አንጓ ላይ ነው። ማንም ሳያስተምረው ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት ደጅ፣ ከደጅ ማሳ፣ ከማሳ ቤተ ክርስቲያን እየመራ አኑሯቸዋል። እኛም ቦቢ የሚባል ውሻ አለን። ቦቢ የከተማ ውሻ ነው፤ ሥራው በባጃጅ ላይ መጮህና መተኛት ነው።

ጣጣው ጓሯችን ነው። ሽንት ቤታችን ከጓሮው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከኋላ በሩ እስከዚያ ሃያ እርምጃ ያህል ይሆናል። በበጋ ሃያ እርምጃ ነው። በክረምት ግን የመካነ ሰላም ጥቁር ጭቃ እግር ሲይዝ መልሶ መስጠት አያውቅም፤ እኔ ራሴ አንድ ቦቲ ጫማ እንደተተከለ ትቼው በካልሲ የገባሁበት ቀን አለ። አባባ ይመር በመጡ በሳምንታቸው ተንሸራተው በጉልበታቸው ወደቁ። መከታ ደግሞ እስከ ሆዱ ጭቃ ተለቅልቆ ይገባና ትርንጎ አሁን የወለወለችው ወለል ላይ፣ ከጌታው አልጋ ሥር፣ ዘፍ ይላል። ቦቢም እንግዳ ተከትሎ ነው መሰል የዚያኑ ያህል ጭቃ ይዞ ይገባ ጀመር።

ትርንጎ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀና «አባዬ፣ ውሾቹ ውጭ ይደሩ» አለች።

አባባ ይመር አልተቆጡም። «መከታ ውጭ ካደረ እኔም ውጭ አድራለሁ፤ ወይ ደግሞ ሁለታችንንም ወግዲ ስደዱን» አሉ፣ ለስለስ ብለው። ይህን ሲሉ እንደማይቀልዱ ልጃቸው ታውቃለች። ጓዳ ገብታ «አንተ የማትረባ፣ አንድ ነገር ፍጠር፤ አባቴ ከሄደ ዓይኑም አብሮ ሄደ» አለችኝና አለቀሰች።

እኔም መፍጠር ጀመርኩ። ድንጋይ ላንጥፍ? ዝናብ የነካው ድንጋይ ከጭቃም የባሰ ያዳልጣል። ጠጠር? የውሾቹን መዳፍ ይወጋል። አሸዋ? በአንድ ዶፍ ወደ እትዬ ዘሃራ ግቢ ይሻገራል። እንዲህ ስብሰለሰል ነው ወዳጄ ሰይድ ጁስ ቤት ገብቼ የአቮካዶ ጁስ አዝዤ እግሬን ያየሁት። እግሬ አረንጓዴ ነገር ላይ ነው ያለ። አርቴፊሻል ሳር! ስንት ዘመን ስረግጠው ኖሬ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም። ወዲያው ከጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

«ምነዋ፣ ምን ጠፋህ?» አለ ሰይድ።

«ሥሩን ልየው ብዬ ነው። ቀዳዳ አለው? ውሃ የት ይገባል? ውሻ ቢሸናበትስ?»

ሰይድ ጁስ የሚጠጡትን ሰዎች ዘወር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወላሂ እኔ ቤት ሰው ነው የሚገባ። አልሞከርነውም።»

ሰይድ ጥሩ ሰው ነው። ለዕቃ ደሴ ሲወርድ ከሦስት ሱቅ ሦስት ቁራጭ ናሙና ይዞልኝ መጣ። እኔም ወግ ነውና ሀ፣ ለ፣ ሐ ብዬ ኮድ ሰጠኋቸውና የቴክኒክ ግምገማ ጀመርኩ። ለአባባ ይመር ግን ሳር የሚባል ቃል ትንፍሽ እንዳንል ትርንጎ አስጠንቅቃኛለች። ለእሳቸውና ለውሻቸው ብለን እንዲህ እንደምንደክም ከሰሙ ይሉኝታ ይዟቸው በዚያው ቀን ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ስሙ «ንጣፉ» ሆነ።

ናሙና ሀ ሲያዩት ያስጎመጃል። ጸጉሩ ረጅም፣ ለስላሳ፣ ልተኛብህ የሚያሰኝ። አንድ ጆግ ውሃ ሳፈስበት ግን ውሃው እንደ ሳህን ሾርባ ረግቶ አየኝ። ገልብጬ ባየው ሥሩ ድፍን ላስቲክ ነው። ናሙና ለ አጭር፣ ቆፍጣና፣ እንደ ጫማ ብሩሽ የሚቧጥጥ ነው፤ ውሃውን ግን ወዲያው ዋጠው። ናሙና ሐ ከሁለቱ መሀል ነው፤ ምን እንደሚፈልግ ራሱም የማያውቅ ዓይነት። የማንሸራተት ፈተናውን በራሴ ላይ ነው ያካሄድኩት። ሦስቱንም አርጥቤ በካልሲ ሮጥኩባቸው። በናሙና ለ ላይ ቆምኩ። በሐ ላይ ትንሽ ተንሸራተትኩ። በሀ ላይ የሆነውን ትርንጎ እስካሁን ለእንግዳ ሁሉ ታወራዋለች፣ እኔ አልደግመውም።

የቀረው የሽታ ፈተና ነበር። ለሱ ደግሞ ሽንት ያስፈልጋል። አሁን ጆጉ ገባችሁ መሰለኝ። መከታ እግሩን ሊያነሳ ሲል ጆጉን ያይና እግሩን መልሶ ያወርዳል። ከዚያ ዘወር ብሎ የሥራ ሂደት አስተባባሪያችን ያላስፈቀድኩትን ደብዳቤ ሲያይ በሚያየኝ ዓይን ያየኛል። ቦቢ ግን ነውር አያውቅም፤ ለሦስት ናሙና የሚበቃ በአንድ ጠዋት ሰጠኝ።

እኩል እኩል አፈሰስኩባቸው። ከዚያ ለሦስት ቀን ያህል ጎህ ሲቀድ እየወጣሁ ተንበርክኬ፣ ግንባሬን ሳሩ ላይ ደፍቼ፣ አሸት ጀመር። በሦስተኛው ቀን ቀና ስል እትዬ ዘሃራ አጥሩ ላይ ናቸው። ፊታቸው በርቷል።

«ማሻአላህ ልጄ!» አሉ። ቀጥለውም እጃቸውን ወደ ሽንት ቤታችን በኩል ዘርግተው «ቂብላው ግን ወዲህ ነው፣ ስትሰግድ ወዲህ ዙር» አሉኝ።

ምን ልበል? እትዬ፣ እኔ የማሸተው ሌላ ነው ብል የባሰ ነው። አመስግኜ ገባሁ። ሴትዮዋ ለሁለት ሳምንት ባዩኝ ቁጥር በፍቅር ፈገግ ይሉልኝ ነበር።

ናሙና ለ በሙሉ ነጥብ አለፈ። ቃለ ጉባኤ ጻፍኩ። እኔ ፈረምኩ፣ ሰይድ እየሳቀ ፈረመ፣ ትርንጎ «የዕብድ ነገር» ብላ ፈረመች። መከታንም በመዳፉ አሻራ ላስፈርም ብዬ ነበር፣ ተከለከልኩ። ሰይድ ሳሩን ጠቅልሎ ከደሴ አስጫነልኝ። ጭቃውን ጠርገን፣ ጠጠር አፍስሰን፣ በላዩ አሸዋ ደልድለን፣ ከኋላ በሩ እስከ ሽንት ቤቱ ደጃፍ ዘረጋነው። ግራና ቀኙ፣ በአጥሩ ሥር፣ እንደ ጥንቱ ጭቃ ነው። መሀሉ ግን ለምለም መስክ ሆነ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ኮርቼ ነበር።

አባባ ይመር ምርኩዛቸውን ይዘው፣ መከታን አስቀድመው፣ ብቅ አሉ። እኔም «አባባ፣ አዲስ ንጣፍ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ አያንሸራትትም፣ ግምገማ ተደርጎበታል» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥልን» አሉ።

መከታ ከሳሩ ጫፍ ሲደርስ ቆመ። አሸተተ። ከዚያ ወደ ግራ ታጠፈና ጌታውን በአጥሩ ሥር፣ በዚያ አረንቋ ውስጥ እየመራ፣ ዙሪያውን አዙሮ ሽንት ቤት አደረሳቸው። ሲመለሱም እንዲሁ። እኔ ሳሩ መሀል ላይ ብቻዬን ቆሜያለሁ፤ ሁለቱ በጭቃ ይዞሩኛል።

«አባባ፣ ወዲህ ነው መንገዱ! እጅዎን ልያዝዎት!»

«መከታ ያልረገጠውን እኔ አልረግጥም፤ አንድ ያየው ጉድጓድ ቢኖር ነው» አሉና አለፉኝ። እኔ አማቻቸው፣ የተመሰከረልኝ ባለሙያ፣ ከውሻ በታች ታማኝ ሆኜ ቀረሁ።

ደግሞ የሚገርመው ሽንት ቤት አድርሶ ከመለሳቸው በኋላ መከታ የሚያደርገው ነው። ከሳሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ ወደ ቤቱ በር ያያል። ምላሱን ያወጣል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ይጠብቃል። ቦቢ በመጀመሪያው ቀን ሳሩ ላይ ሲንከባለል ውሎ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን መከታን አየና አፈረ መሰል ወርዶ ከጎኑ ቁጢጥ አለ። ሁለት ውሾች ተሰልፈው በሩን ያያሉ። ምን ይጠብቃሉ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ።

ሽታው ይሆን? በሳሙና አጠብኩት። ሙቀቱ ይሆን? በነሐሴ ዶፍ የምን ሙቀት! የእንስሳት ሐኪም ሄጄ ጠየቅኩ። ሐኪሙ በጥሞና አዳምጦኝ «አንተ ራስህ በደንብ ትተኛለህ?» አለኝ። አጥንት ባስቀምጥስ? ጊዜው የፍልሰታ ጾም ስለሆነ እኛ ቤት ሥጋ የለም፤ ከእትዬ ዘሃራ ለምኜ ቅልጥም አጥንት ሳሩ መሀል አኖርኩ። መከታ አንገቱ እስኪሰበር አስግጎ አየው፣ ምራቁ ተዝረከረከ፣ እግሩን ግን አላነሳም። አጥንቱን በመጨረሻ ቁራ ወሰደው። የናሙና ሐን ጉዳይ እንደገና ልከፍት ቃለ ጉባኤውን አወጣሁ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ገና አባርቶ ሳለ፣ የፈራነው ደረሰ። አባባ ይመር በአጥሩ ሥር እየተመሩ ሲሄዱ እግራቸው ከዳቸውና በጎናቸው ጭቃው ውስጥ ወደቁ። ትርንጎ ጮኸች። ሮጠን አነሳናቸው፤ ደግነቱ አልተሰበሩም። ግን ፊታቸው ተለውጧል። ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀርቷል፣ ጋቢያቸው ጠቁሯል፣ ምርኩዛቸውን ግን አለቀቁም።

«በቃኝ» አሉ። «ነገ መኪና ፈልጉልኝ። ወግዲ ደረቅ ደጅ አለኝ።»

«አባዬ፣ ዓይንዎ እኮ…»

«ዓይኔ ይቅር። ሰው ቤት ጭቃ ለጭቃ ስንከባለል ከምታዪኝ አለማየቱ ይሻለኛል።»

እኔ አፍሬ መሬት ገባሁ። ይህን ሁሉ ናሙና ያሸተትኩት እሳቸው እንዳይወድቁ ነበር። ግራና ቀኝ ደግፈን፣ ባዶ እግራቸውን፣ ሳሩን አቋርጠን ወደ ቤት ወሰድናቸው። መሀል ላይ ስንደርስ ቀጥ ብለው ቆሙ። የእግራቸውን ጣቶች አንቀሳቀሱ። ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«ይኸ ሳር ነው እንዴ?»

እኔና ትርንጎ ተያየን። «አዎ» አልኩ፤ «ማለት… ሰው ሠራሽ ነው።»

«ጎዝጉዛችኋል? የምን በዓል ነው?»

«በዓልስ አይደለም አባባ፣ እንዲያው…»

አባባ ይመር ግን እኔን አልሰሙኝም። ፊታቸውን መከታ ወዳለበት ጫፍ አዞሩ። «ታዲያ እኔው ነኝ እኮ!» አሉ። «እሱ ምን ያድርግ? እኔው ነኝ ያስተማርኩት!»

ሳሩ ላይ ተቀምጠው ነገሩን። መከታ ቡችላ ሳለ ነው፣ የእኔና የትርንጎ ሠርግ ቀን። ዳሱ ውስጥ ለምለም ሳር ተጎዝጉዞ፣ እንግዳ ሞልቶ፣ ቡችላው እየቦረቀ ገባና ሽማግሌዎቹ ፊት ሳሩ ላይ ሸና። አባባ ይመር በሰው ፊት አፈሩና በያዙት ዱላ አንድ ጊዜ መቱት። «ውጣ!» አሉት። እየጮኸ ወጣ። እኔ ሙሽራው እዚያው ነበርኩ፤ አንድ ቡችላ ሲጮህ የሰማሁ ይመስለኛል፣ ግን ማን ልብ ብሎት? ከዚያ ቀን ወዲያ መከታ በፋሲካም በገናም ሳር ከተጎዘጎዘ ጫፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ አጥንት እስኪወረወርለት ይጠብቃል እንጂ ረግጦት አያውቅም። እኔ ሽንት ሳሸት ስከርም ሰውዬውን አንዲት ቃል ብጠይቃቸው ኖሮ ያልቅልኝ ነበር።

«አንድ ጊዜ ነው የመታሁት» አሉ አባባ ይመር። «እሱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይዞታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እየመራኝ።»

የገመዱን ቋጠሮ ከእጃቸው ፈቱት። «አትጎትቱት» አሉን። ከዚያ ሳሩን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ተጣሩ። «ና መከታ። ና ግባ የኔ ጌታ። ግባ ብዬሃለሁ።»

መከታ ተነሳ። ጆሮውን ጣለ። መልሶ ተቀመጠ። እኔ አጥንት ላምጣ ልል አፌን ስከፍት ትርንጎ እጄን ጨመቀችው። አባባ ይመር ደጋግመው ተጣሩ። ውሻው አንድ እግሩን ሳሩ ላይ አሳረፈ፤ ወዲያው አነሳው። የሚያየው ፊታቸውን አይደለም፣ ምርኩዛቸውን ነው።

«አባባ፣ ዱላውን እያየ ነው» አልኩ በሹክሹክታ።

ያለ ምርኩዝ አንድ እርምጃ የማይሄዱት ሰው ምርኩዛቸውን አንስተው በአጥሩ በኩል ወደ ጭቃው ወረወሩት። መከታ ድው ሲል ሰማና ደነገጠ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ሆዱን መሬት እያስነካ፣ በደረቱ ለመሄድ ምንም ሳይቀረው፣ መጣና አገጩን ጭናቸው ላይ አኖረ። ሽማግሌው ጆሮው ሥር ጎንበስ ብለው ያሉትን አልሰማሁም፤ ለእኔም የተባለ አይደለም። ትርንጎ ታለቅሳለች። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እዋሻለሁ?

ብዙ ከተቀመጥን በኋላ እኔ ሞኙ «አባባ፣ እንግዲህ ነገ መኪና ልፈልግ?» አልኩ።

«ምን ያለኸው ነህ አንተ?» አሉኝ። «እንግዳ ገና አሁን ገብቶ ውጣ ይባላል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መከታ ጌታውን በሳሩ መሀል ቀጥ አድርጎ ይመራ ጀመር። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። እንግዳ ተብሎ የገባበት ሳር ላይ እስከ ዛሬ አንዲት ጠብታ አልጣለም። ሲመጣበት በሩ እንዲከፈትለት ጮኾ መንገድ ዳር ይወጣል፤ ቦቢንም አስተምሮታል። የሽታ ፈተናው፣ ጆጉ፣ ያ ሁሉ ውርደት፣ ለምንም አልጠቀመም። እትዬ ዘሃራ ብቻ ተስፋ አልቆረጡብኝም።

መስከረም ላይ ትርንጎ አባቷን ደሴ ወሰደቻቸው። ሐኪሙ በቀኙ ዓይናቸው ጀመረ። በተመለሱበት ቀን ጥቁር መነጽር አድርገው ከመኪና ወረዱና ያለ ማንም መሪ፣ ግድግዳውን ሳይዳስሱ፣ ቤቱን አቋርጠው ወደ ጓሮ ወጡ። እኔ ከኋላ ከኋላቸው። ሳሩን ምን ይሉት ይሆን? አረንጓዴነቱን? አነጣጠፉን? መከታ ድምፃቸውን ሰምቶ በሳሩ ላይ እየጋለበ ሲመጣ ገመዱ ከአንገቱ ወልቆ ወደቀ። አባባ ይመር በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ መነጽራቸውን ገፋ አደረጉ፣ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃን ቀና አደረጉት። በአፍንጫው ዙሪያ ያለውን ነጭ ጸጉር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ሸብተሃል እኮ መከታ» አሉ። «እኔን ስትመራ ነው የሸበትክ።»

ስለ ሳሩ ልጠይቅ የከፈትኩትን አፌን ዘጋሁና የወደቀውን ገመድ አንስቼ ገባሁ።